የቆየ ፒክአፕ የስሮትል ሴንሰር ፍተሻ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄና መልሱ ቢራቢሮው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) በካቦ ለሚከፈት የኢንጀክሽን ቤንዚን ሞተር ነው። ሴንሰሩ በስሮትል ቦዲው ጎን የታሰረው፣ ቢራቢሮው ስንት እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ነው።

ጥያቄ፦ በቀስታ ስነዳ መኪናው ይንገጫገጫል፤ ጠልቄ ስረግጥ ግን ደህና ነው። ሴንሰሩ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ውስጡ በካርቦን መስመር ላይ የሚንሸራተት ስስ ብረት አለ። አብዛኛው ጉዞ ፔዳሉ ጥቂት ብቻ ተረግጦ ስለሆነ መስመሩ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። ግን የደከመ የካንዴላ ሽቦ ወይም የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማም እንዲሁ ያደርጋል። ሳትለካ አትግዛ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አለካኩን ከመጀመሪያው ያስረዱን።

መልስ፦ ቁልፉን ኦን አድርግ፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ሶኬቱ እንደተሰካ ይቆይ። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገህ ጥቁሩን ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር አገናኝ። ቀጭን ስፒል ሽቦው በሚገባበት በኩል ከሶኬቱ ጀርባ አስገባና ቀዩን እሱ ላይ ንካ። የሽቦውን ላስቲክ አትብሳ፤ በዚያች ቀዳዳ እርጥበት ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል፣ ያኔ ያልነበረ ብልሽት ፈጠርክ ማለት ነው።

ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ 5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አንዱ ማሳ (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለሰው ሽቦ) ነው፤ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም። ሦስተኛው ሲግናሉ ነው፦ ፔዳሉ ሳይነካ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት ከ4 በላይ።

ብዙ ሰው ሁለቱን ጫፎች አይቶ "ደህና ነው" ይላል። ዋናው ግን መሀሉ ነው። ቢራቢሮውን በእጅህ፣ ከዳር እስከ ዳር 10 ሰከንድ እስኪፈጅ ድረስ በዝግታ ክፈት። 0.62፣ 0.71፣ 0.83 እያለ መውጣት አለበት። ከ0.83 ድንገት ወደ 0.2 ወርዶ ተመልሶ 0.95 ካለ መስመሩ እዚያ ላይ አልቋል። ዲጂታል መልቲሜትር በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ አጭሩን መቋረጥ ይዘለዋል፤ ያ አሮጌው ባለ ቀስት ካለህ አውጣው፣ ቀስቱ ሲዘል በዓይንህ ታያለህ። በሁለተኛው ዙር ሴንሰሩን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ እያልክ እየኳኳህ ድገመው።

ጥያቄ፦ 5 ቮልቱ ጭራሽ የለም።

መልስ፦ እንግዲያው ሴንሰሩን ተወው፤ ያ ቮልት የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ከሌሎች ሴንሰሮች ጋር፣ ለምሳሌ ከማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን የአየር ግፊት ከሚለካው) ጋር፣ ይጋራል። አንድ በአንድ ንቀላቸው፤ አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ሾርት ያደረገው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅለው ካልመጣ ሽቦውን እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ተከተል።

ጥያቄ፦ ማሳው ላይ 0.4 ቮልት አየሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሲዘጋ ያለው ንባብ አብሮ ከፍ ስለሚል ኮምፒውተሩ ፔዳሉ የተረገጠ ይመስለዋል፤ ሚኒሞው (ፔዳሉ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) ይዋዥቃል። አዲስ ሴንሰር ገብቶም ችግሩ አልለቅ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ሲዘጋ 1.3 ቮልት ነው። የስሮትሉን ማቆሚያ ብሎን ላላላው?

መልስ፦ እንዳትነካው! ያ ብሎን ቢራቢሮው ግድግዳውን እንዳይነክስ በፋብሪካ ተለክቶ የታሰረ ነው። መጀመሪያ ቢራቢሮው በእርግጥ መዘጋቱን እይ፦ ጠርዙ ላይ ጥላሸት ይኖራል ወይም ካቦው ከመጠን በላይ ተወጥሯል። ስታጸዳ ማጽጃውን ጨርቅ ላይ ንፋ፤ በዘንጉ በኩል ሴንሰሩ ውስጥ ከገባ ያበላሸዋል። ከዚያም ካልወረደ፣ የሴንሰሩ ቀዳዳዎች ሞላላ ከሆኑ ሁለቱን ብሎኖች አላልተህ ሴንሰሩን በማዞር የመኪናው ማኑዋል የሚለው ቁጥር ላይ አምጣው። ብሎኑ ሲጠብቅ ስለሚሸሽ እንደገና ለካ። ቀዳዳው ክብ ከሆነ አይስተካከልም።

ጥያቄ፦ የኔ ባለ 22አርኢ ሞተር ቶዮታ ነው፤ 4 ሽቦ አለው።

መልስ፦ አራተኛው የሚኒሞ ስዊች ነው። ሶኬቱን ንቀልና መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ በሴንሰሩ ላይ አይዲኤል (IDL) እና ኢ2 (E2) በሚባሉት ሁለት እግሮች መካከል ለካ። በማቆሚያው ብሎንና በክንዱ መካከል 0.57 ሚሊሜትር የክፍተት መለኪያ ቅጠል (ስስ ብረት) ስታስገባ መገናኘት፣ 0.85 ስታስገባ መቋረጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድስ?

መልስ፦ በቆዩት ጂኤሞች (የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች) ኮድ 21 ሲግናሉ በዝቷል፣ 22 አንሷል ማለት ነው። በቆየ ቶዮታ 41 ነው። ኦቢዲ 2 (በኋላ የመጣው የብልሽት ኮድ ሥርዓት) ካለው ፒ0122 ማነስ፣ ፒ0123 መብዛት። ካነሰ የ5 ቮልቱን ሽቦ፣ ከበዛ የማሳውን መቆረጥ አስቀድመህ እይ። ኮድ የለም ማለት ግን ሴንሰሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ አጭር መቋረጥ ኮድ ሳያስመዘግብ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ብልጭታ አለ፣ ነዳጅ ግን አይረጭም። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አንዳንዴ። ብዙ ኮምፒውተሮች ሲነሳ ሲግናሉ ሙሉ ክፍት ካለ "ሞተሩ በቤንዚን ታፍኗል" ብለው መርጨት ያቆማሉ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለህ ሞክረው፤ ከተነሳ ፍተሻህን ከማሳው ሽቦ ጀምር።