ጎኒያታይት የድንጋይን ዕድሜ እንዴት ይናገራል?

ጥያቄ፦ ጎኒያታይት የሚባሉት የጠፉ የባሕር እንስሳት የድንጋይን ዕድሜ ለማወቅ ይረዳሉ ሲባል ሰማሁ። ቀንድ አውጣ የሚመስል ቅሪት ይህን እንዴት ሊናገር ይችላል?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! ሲጀመር ቀንድ አውጣ አይደሉም፤ የቅርብ ዘመዶቻቸው ስኩዊድና ኦክቶፐስ ናቸው። ከ390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ብቅ ብለው በፐርሚያን ዘመን መጨረሻ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፉ። ዋናው ነገር ዝርያዎቹ ቶሎ ቶሎ መለዋወጣቸው ነው፤ አንዱ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋና ሌላው ይተካል፣ ደግሞም በባሕር ሰፊ ቦታ ያዳርሱ ስለነበር አንድ ዝርያ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ከተገኘ ድንጋዮቹ የአንድ ወቅት ናቸው ማለት ነው።

ቅርፊቱን ጠጋ ብለው ቢያዩት የውስጥ ግድግዳዎቹ ከቅርፊቱ ጋር የተገናኙበት መስመር ዚግዛግ ሆኖ ይታያል። ጎኒያታይትን የሚያስለየው እሱ ነው። ዝርያውን ለመለየት ደግሞ የቅርፊቱ ጭረትና ቅርጽ ይታያል።

በሰሜን እንግሊዝ ቢሳት የተባለ ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ካርቦኒፌረስ በተባለው ጥንታዊ የምድር ዘመን የተፈጠሩ ድንጋዮችን በጎኒያታይት ከፋፍሎ በቅደም ተከተል አስቀመጠ። በጣም የሚደነቅ ሥራ ነው! ቅሪቱ የሚነግረን ግን የቱ እንደሚቀድም ብቻ ነው፤ የዓመቱ ቁጥር የሚገኘው በንብርብሮቹ መሃል ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።