ቺምፓንዚ ሲያድን ማየት ይቻላል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። «የዱር ቺምፓንዚዎች ጦጣና ጉሬዛ ሲያድኑ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፣ የት ልሂድ፣ ምንስ ልጠብቅ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይቻላል፣ ግን በቀጠሮ አይገኝም። እኔ ምዕራብ ኡጋንዳ ኪባሌ ብሔራዊ ፓርክ ሦስት ጊዜ ገብቼ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጋጠመኝ። «አየሁ» ስል ራሱ ትንሽ እየዋሸሁ ነው፤ አብዛኛውን የሰማሁት ነው።

መጀመሪያ ስህተቴን ልንገርህ። ሁለቱን ጊዜ የያዝኩት የአንድ ሰዓቱን ጉብኝት ነበር። ቺምፓንዚዎቹ ከተገኙ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆጠርልህና ውጣ ትባላለህ። በዚያች ሰዓት ፍሬ ሲበሉ፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ሲፈትሽ፣ ወይ በጀርባቸው ተንጋለው ሲያንቀላፉ ታያለህ። ደስ ይላል፣ አደን ግን አይደለም። በሦስተኛው ሰው እየለመደ ካለ መንጋ ጋር ቀኑን ሙሉ መዋል የሚፈቀድበትን ያዝኩ። ሲነጋ ጀምረህ እነሱ በሄዱበት እየሄድክ ነው የምትውለው። አደን ከሆነ ፍላጎትህ ሌላውን እርሳው፣ ይሄኛውን ያዝ።

ረፋዱ ላይ ወደ አሥር የሚጠጉ ወንዶች ተከታትለው መሬት ለመሬት መሄድ ጀመሩ። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ቺምፓንዚ ጯሂ ፍጥረት ነው፤ ዝም ሲል ነው አንድ ነገር አለ ማለት ያለብህ። ድንገት ቆሙና ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠጡ። መሪያችን ጣቱን ቀሰረ፣ እኔ ቅጠል እንጂ ምንም አይታየኝም። ከዚያ ቀይ ጉሬዛዎቹ ከላይ መጮህ ጀመሩ። (ቀይ ጉሬዛ ስል ያን ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ የሚመስለውን አይደለም፤ አናቱ ቀላ ያለውን ዘመዱን ነው። ሁለቱ አንድ አካባቢ በሚኖሩባቸው ጫካዎች የቺምፓንዚ ዋነኛ ታዳኝ እሱ ነው።)

ቀጥሎ የሆነውን አልጠበቅኩትም። አንድ ቺምፓንዚ ፀጉሩ ቆሞ ዛፉን ወጣ። ጉሬዛዎቹ የሚሸሹ መስሎኝ ነበር። ወንዶቹ ጉሬዛዎች ግን ተሰባስበው ወደ ታች መጡበት፤ በክብደት አራት እጥፍ የሚበልጣቸውን እንስሳ እየዘለሉ ገጠሙት፣ እሱም እየጮኸ ወረደ! በሆዴ «ጎበዝ» አልኩ። ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። ሌሎች ሦስት ከወዲያኛው ዛፍ ወጡ፣ የቀሩት ከሥር እያንጋጠጡ መሮጥ ጀመሩ፣ ቅርንጫፍ ተገነጠለ፣ ቅጠልና ሽንት ላያችን ላይ ዘነበ፣ ከዚያ አንዲት ግልገል ወደ ቀጭን ዛፍ ስትዘል ከሥር የሚጠብቅ ነበረ። አለቀ። ሙሉው ነገር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ቪዲዮዬን ማታ ከፍቼ ሳየው ቅጠልና የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሁሉን ጊዜ ወደ ላይ ብቻ እያየሁ ነበር። መሬት ያሉትን ተከተል፤ እነሱ የሚሮጡበት አቅጣጫ ነው ነገሩ የሚያልቅበት።

እቅድ አውጥተው ነው ወይ የሚያድኑት? ይሄ ያጨቃጭቃል። አይቮሪ ኮስት ታይ ጫካ ቺምፓንዚዎችን ለዓመታት ያጠናው ሟቹ ክርስቶፍ ቦሽ አንዱ ያባርራል፣ አንዱ መንገድ ይዘጋል፣ አንዱ ቀድሞ ያደፍጣል፣ ሥራ ተከፋፍለው ነው ይል ነበር። እዚያ ዛፎቹ ረጃጅምና የተያያዙ ስለሆኑ ብቻውን የሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወርዳል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እያንዳንዱ ለራሱ ሲሮጥ ከሩቅ ትብብር ይመስላል እንጂ ይላሉ። እኔ ባየሁት አንድ አደን መፍረድ አልችልም፤ አንዴ አይቶ «ተማክረው ነው» የሚልህን ሰው አትመነው።

አሁን ዋናው። ከአደኑ ይልቅ በደንብ የምታየው ሥጋው የሚበላበትን ነው። ብዙ ሰው ጩኸቱ ሲያበቃ ካሜራውን ይዘጋል፣ እኔ ደግሞ ምርጡ ከዚያ ይጀምራል ባይ ነኝ። የያዘው ወንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ከበቡት። አንዱ መዳፉን ገልብጦ አገጩ ሥር ዘረጋ፣ ልክ እንደ ለማኝ። ሥጋውን የያዘው ጀርባውን ሰጠው። ሌላ መጣ፣ ለእሱ ቆርሶ ሰጠ። ሥጋውን ከቅጠል ጋር ነው የሚያኝኩት። ግልገል ያዘለች እናት ብዙ ከለመነች በኋላ ትንሽ ደረሳት፣ ልጆቹ መሬት የወደቀ ፍርፋሪ ለቀሙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። እዚያው ኪባሌ ውስጥ ንጎጎ በሚባለው ቦታ ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ጆን ሚታኒና ዴቪድ ዋትስ ወንዶቹ ሥጋ የሚሰጡት በጠብ ጊዜ ለሚያግዟቸው አጋሮች እንደሆነ ጽፈዋል። ለማን እንደተሰጠ ብቻ ሳይሆን ማን እንደተከለከለ ተመልከት።

ርሃብ ነው እንዳትል ደግሞ። ንጎጎ ላይ አደን የሚበዛው ፍሬ በተትረፈረፈበትና ወንዶች በብዛት በተሰበሰቡበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት «ዝናብ አለ ወይ» ብቻ አትበል፣ «ፍሬው እንዴት ነው» ብለህ ጠይቅ። ወሩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፦ ታንዛኒያ ጎምቤ ላይ በደረቁ ወቅት ይበዛል፣ ታይ ላይ በዝናቡ። በነገራችን ላይ ተመራማሪዋ ጄን ጉዳል ቺምፓንዚ ሥጋ ሲበላ ያየችው ጎምቤ ነው፣ በፈረንጆቹ 1960 ላይ፤ እስከዚያ ድረስ ከሞላ ጎደል ፍሬ በሊታ ነው ይባል ነበር። ንጎጎን ራሱን አትመኘው፣ የምርምር ቦታ ነው። ጎብኚ የሚነሳው ካንያንቹ ከሚባለው ነው። ንጎጎ ላይ እኮ መንጋው ከመብዛቱ የተነሳ ቀይ ጉሬዛዎቹን ክፉኛ አመናምኗቸዋል።

ጭምብል አድርግ ሲሉህ አታጉረምርም። የእኛ ጉንፋን ይገድላቸዋል። አደኑ ለራሳቸውም ነፃ አይደለም፦ በፈረንጆቹ 1994 ታይ ላይ ኢቦላ ገብቶ ብዙ ሲሞቱ፣ የቀይ ጉሬዛ ሥጋ መብላት ከበሽታው ጋር ተያይዟል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳልቀር። ታዳኙ ሁልጊዜ ቶሎ አይሞትም። ከእኛ ቡድን አንዷ ፊቷን አዙራ አለቀሰች፣ እኔም አልፈረድኩባትም። ካልቻልክ ወደ ኋላ ቅር፣ መሪው ይረዳሃል።

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዝ፣ ስልኩን ኪስህ ክተት። አንገትህን ከአሁኑ አለማምደው፤ እኔን ሦስት ቀን ነው ያሳመመኝ።