ራም አትጨምሩ፦ ሜሞሪ እየበላ ስለሚወድቀው የሰርቨር ማኔጅመንት ሶፍትዌር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሰርቨሮቻችሁን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ሜሞሪው ቀስ በቀስ እየጨመረ ሄዶ ይወድቃል፣ ሌሊት ሌሊት ሪስታርት እያደረጋችሁት ነው፣ ራም ይጨመርለት ወይ ነው ያልከው። አይጨመር! እኛ ጋም ያለው በጃቫ የተሠራ፣ በየሰርቨሩ ከተጫኑ ኤጀንቶች (መረጃ ወደ ማዕከሉ ከሚልኩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) መረጃ እየተቀበለ የሚሠራ ነው፤ ከአገላለጽህ የእናንተም ያው ነው።

1ኛ፦ መጀመሪያ ማን እንደገደለው ለይ። ጃቫ ራሱ "አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ጃቫ ሂፕ ስፔስ" ብሎ በሶፍትዌሩ ሎግ ላይ ጽፎ ከሆነ ችግሩ ሂፕ ውስጥ ነው፤ ሂፕ ማለት ጃቫ ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸውን ዕቃዎች የሚያስቀምጥበት የሜሞሪ ክፍል ነው። ሎጉ ምንም ሳይል ተቆርጦ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ ላይ ብቻ ፕሮሰሱ እንደተገደለ ካገኘህ ግን የገደለው ሊኑክስ ነው፤ ያኔ ከሂፕ ውጭ ያለውን፣ ማለትም የትሬዶቹን (ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥራዎች) ስታክና ጃቫ ከሂፕ ውጭ የሚይዘውን ዳይሬክት በፈርም ማየት አለብህ። ሁለቱ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

2ኛ፦ የሌሊቱን ሪስታርት ቢያንስ ለጥቂት ቀን አቁሙት። ማስረጃችሁን በየሌሊቱ እያጠፋው ነው። ማቆም ካልተቻለ ሪስታርት ከመደረጉ በፊት የሂፑን ሂስቶግራም፣ ማለትም የትኛው ዓይነት ዕቃ (ክላስ) ስንት እንደሆነና ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ወደ ፋይል የሚጽፍ ትእዛዝ አስቀድሙለት።

3ኛ፦ ሂስቶግራሙን ከጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ጋር በሚመጣው ጄማፕ በሚባል ትእዛዝ ታወጣለህ። ሂስቶ በሚለው አማራጭ ላይ ላይቭ የሚለውን ጨምርበት፤ ያኔ ቆሻሻው (ማንም የማይጠቀምበት ዕቃ) ተጠርጎ በእርግጥ የተያዘው ብቻ ይቆጠራል። ሲጠርግ ሶፍትዌሩ ለአፍታ ስለሚቆም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አታድርገው። ትእዛዙንም ሶፍትዌሩ በሚሠራበት ዩዘር አስኪደው፣ አለዚያ አልገናኝም ይልሃል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ አውጣና አወዳድር። ዝርዝሩ አናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የባይት አሬይና ስትሪንግ (ጥሬ ዳታና ጽሑፍ የሚይዙ ዕቃዎች) ታያለህ፤ እነሱ ላይ ጊዜህን አታባክን፣ በአብዛኛው የጃቫ ፕሮግራም ላይ አናት የሚይዙት እነሱው ናቸው። ወረድ ብለህ የሶፍትዌሩ አምራች ስም ያለባቸውን ክላሶች ፈልግ። እኛ ጋ እንደዚያ ስናደርግ የኤጀንት ሴሽን (ከማዕከሉ ጋር ያለውን አንድ ግንኙነት) የሚወክለው ክላስ ቁጥሩ ካሉን ሰርቨሮች ብዛት እጅግ በልጦ ተገኘ። አንድ ሰርቨር አንድ ሴሽን ነበር ሊኖረው የሚገባው።

እዚህ ላይ ስለ አምራቹ የድጋፍ ክፍል ልንገርህ፣ አንተንም ያንኑ እንደሚሉህ ስለማውቅ ነው። ቲኬት ስንከፍት የመጀመሪያ መልሳቸው "ራም ጨምሩ" የሚል ነበር። የጃቫ ሂፕ ጣሪያ በኤክስኤምኤክስ (የሂፑን ጣሪያ በሚወስነው የጃቫ አማራጭ) ካልተወሰነ በስተቀር የማሽኑን ራም አንድ አራተኛ ነው የሚወስደው። ስለዚህ 16 ጊጋ ያለውን ማሽን 32 ብታደርገው ጣሪያው ከ4 ወደ 8 ይወጣል፤ የሚያፈሰው ነገር እዚያ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ይህን ጽፈን ብንልክም ሳያነቡት ቲኬቱን "ተፈትቷል" ብለው ዘጉት። ስንደውል ያገኘነው ሰው "ሌሎች ደንበኞች እንዲህ ያለ ችግር የለባቸውም" አለን፤ የኔትወርክ ችግራችሁን እኛ ላይ አትለጥፉ ማለቱ ነበር። ይህ እስካሁን ያናድደኛል፤ በገንዘባችን የገዛነው ድጋፍ ነው።

የኔትወርኩን ነገር ያነሳው ሊገላገለን ፈልጎ ቢሆንም መንገዱን ያሳየን እሱው ነው። ኤጀንቱ መስመር በተቋረጠበት ቁጥር ሲመለስ አዲስ መለያ ይሰጠዋል፣ የድሮው ሴሽን ግን ከማዕከሉ ዝርዝር አይወጣም። ኔትወርካቸው የማይቋረጥባቸው ደንበኞች ችግሩን አያዩትም፤ ስላላዩት ግን የለም ማለት አይደለም። ይህንን ያረጋገጥነው ሙሉ ሂፕ ዳምፕ (የሂፑን ይዘት በሙሉ የያዘ ፋይል) አውጥተን በኢክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር በሚባል መመርመሪያ በመክፈት ነው። ከሴሽኑ ወደ ጂሲ ሩት (ጠራጊው ከማይነካው መነሻ) የሚወስደውን መንገድ ስትከተለው ማን አንቆ እንደያዘው በስሙ ይነግርሃል፤ እኛ ጋ አንድ ስታቲክ ማፕ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚቆይ ዝርዝር፣ ነበር። የሶፍትዌሩን ኮድ ሳናይ፣ የተጣለውን ዕቃ ማን ቤት እንደተቀመጠ ለባለቤቱ ያሳየነው እኛ ነን። በዚህ በቡድናችን እኮራለሁ።

ስለ ሂፕ ዳምፑ ግን አደራ። ፋይሉ ሂፑን ያህል ስለሚያክል የዲስክ ቦታ አስቀድመህ እይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋይሉን ለድጋፍ ክፍሉ እንዳትልክ! በዚያች ቅጽበት ሜሞሪ ላይ የነበረው ሁሉ፣ የሰርቨሮቻችሁ ፓስወርድና ቁልፍ ሳይቀር፣ በግልጽ ይነበባል። እኛንም "ዳምፑን ካልላካችሁ አንመረምርም" ብለውን ነበር፤ እምቢ ብለን ሂስቶግራሙንና የሩቱን መንገድ የሚያሳየውን ምስል ብቻ ላክን። በቂ ነበር።

ከዚያ በሙከራ ማሽን ላይ አንድ ኤጀንት ብቻ አገናኝተን ደጋግመን እያቋረጥን የሴሽኑ ቁጥር በዚያው ልክ ሲወጣ ቀርጸን አያያዝንላቸው። ቲኬቱ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፕሮግራመሮቹ የደረሰው።

አዲሱ ቨርዥን ሲመጣም ቶሎ አትመኑት። የመጀመሪያው ማስተካከያቸው የሠራው ኤጀንቱ በወጉ ተሰናብቶ ሲዘጋ ብቻ ነበር። ሰርቪሱን አቁመህ ብቻ ከሞከርክ የተፈታ ይመስልሃል። ኬብሉን ንቀል፣ ወይም በፋየርዎል ፓኬቱን ጣለው፤ ኤጀንቱ ሳይሰናበት ሲጠፋ ሴሽኑ የጊዜ ገደቡ አልፎ ይወጣል ወይስ ይቀራል የሚለውን እይ። እኛ ጋ ቀረ፣ መልሰን ላክንላቸው፣ በሚቀጥለው ቨርዥን ተስተካከለ። አሁን ሂፑ ከጠረጋ በኋላ የሚወርድበት ወለል ከሳምንት ሳምንት አንድ ነው፤ የሌሊቱንም ሪስታርት አንስተነዋል።

እስኪያስተካክሉላችሁ ድረስ ኤክስኤምኤክሱን ወስናችሁ፣ ሂፑ ሲሞላ ራሱ ዳምፕ እንዲያወጣ የሚያደርገውን አማራጭ አብሩት፤ ዳምፑ የሚጻፍበትንም ማውጫ ለሌላ ዩዘር ዝጉት። የሂስቶግራሙን የመጀመሪያ ሃምሳ መስመር፣ የጠዋቱንም የማታውንም፣ ከቨርዥን ቁጥሩ ጋር እዚሁ ለጥፍልኝና አየዋለሁ።