መቁረጡ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማውጣቱ ላይ ነው

«የመሰርሰሪያዬን ሞዴል ከሳጥን ላይ ቆርጬ ማስቀመጫ ሠራሁ። ስክሪን ላይ ልክክ ብሏል። በ3ዲ ፕሪንተር ታትሞ ሲወጣ ግን መሰርሰሪያው አልገባ አለ» ብለሃል። አይዞህ፣ እኔም በዚሁ ስህተት አንድ ሙሉ ጥቅል ፕላስቲክ ጨርሻለሁ።

ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። ፊውዥን (የ3ዲ ንድፍ ሶፍትዌሩ) ላይ «ኮምባይን» (አዋህድ) ገብተህ «ከት» (ቁረጥ) ስትል ቅርጹን እንዳለ ይቀንስልሃል። ዕቃው በየት በኩል ገብቶ እንደሚወጣ ግን አያውቅም። (በነገራችን ላይ «ኪፕ ቱልስ» (መቁረጫውን ሞዴል አስቀር) ላይ ምልክት ማድረግ አትርሳ፤ አለዚያ የመሰርሰሪያው ሞዴል ራሱ አብሮ ይጠፋል።)

ስለዚህ መጀመሪያ መውጫውን ወስን። ቀጥታ ወደ ላይ ነው እንበል። የተጋደመ ቧንቧ አስብ። ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ቢሆን፣ እስከ 15 ብታሰምጠው በቀላሉ ይወጣል። 20 ብታሰምጠው ግን ከወገቡ (በጣም ከሚሰፋበት ቦታ) በላይ ያለው 5 ሚሊሜትር የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ስለሚያጎነብስ ይቆልፈዋል። ያንተም ማስቀመጫ እንዲህ ነው የሆነው። «ድራፍት አናሊሲስ» የሚባለው የፊውዥን መመርመሪያ የሚቆልፉትን ቦታዎች በቀለም ለይቶ ያሳይሃል።

መሰርሰሪያ ደግሞ እንደ ቧንቧ አንድ ወገብ ብቻ የለውም። የእጀታው ሌላ፣ የሞተሩ ሌላ ከፍታ ላይ ነው። እኔ ክፍል በክፍል ነው የምሠራው። ከላይ ሲታይ ያለውን ዳርቻ ስኬች (ጠፍጣፋ ንድፍ) ላይ አወርዳለሁ። ከዚያ ክፍሉ በጣም ከሚሰፋበት ከፍታ ጀምሬ እስከ ሳጥኑ አፍ ቀጥ አድርጌ ኤክስትሩድ አደርገዋለሁ (ወደ ላይ ስቤ ቁመት እሰጠዋለሁ)። ይህን ከሞዴሉ ኮፒ ጋር አዋህጄ ነው ከሳጥኑ የምቀንሰው። ጉድጓዱ ከታች የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፣ ከላይ ግድግዳው ቀጥ ይላል። እንደ መጀመሪያው አያምርም። ግን ዕቃው ይገባል፣ ይወጣል።

ቀጥሎ በዕቃውና በጉድጓዱ መካከል የሚተው ክፍተት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሞዴሉን በ1 በመቶ ስኬል ያደርጋል (በመጠን ያሳድጋል)። አታድርገው። 200 ሚሊሜትር ርዝመቱ በ2 ሚሊሜትር ያድጋል፣ 20 ሚሊሜትር ውፍረቱ ግን በ0.2 ብቻ። አንዱ ጋ ይንቀለቀላል፣ ሌላው ጋ ይጠብቃል። የሚያስፈልግህ ፊቶቹን ወደ ውጭ እኩል የሚገፋ ኦፍሴት ነው። ለተለመደው የክር ፕላስቲክ ፕሪንተር እኔ በየጎኑ 0.4 ሚሊሜትር እሰጣለሁ። ኦፍሴቱ እምቢ ካለህ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትንሽ ኩርባ ነው። ሬዲየሱ ከኦፍሴቱ ካነሰ የሚገባበት ያጣል። ኩርባውን ሰርዘውና እንደገና ሞክር። ማስቀመጫ ነውና ማንም አያየውም።

ለጣት መያዣ በሁለቱ ጎን 25 ሚሊሜትር የሚሆን ቦታ ቁረጥ። እኔ ይህን ረስቼ ማስቀመጫውን ገልብጬ መደብደብ ነበር ሥራዬ።

ደግሞ ሙሉውን ሳታትም የጉድጓዱን አፍ 3 ሚሊሜትር ብቻ ቆርጠህ አትመው። በዚያ ቀለበት መሰርሰሪያው ካላለፈ ሙሉው ላይም አይገባም።

ሞዴሉ ከስካነር የመጣ ሜሽ (በትሪያንግሎች የተሠራ ገጽ) ከሆነ ወደ ሶሊድ (ውስጡ ድፍን የሆነ ሞዴል) ከመቀየርህ በፊት የትሪያንግሎቹን ብዛት ቀንስ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይልብሃል።