«ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?» አዋላጇ ትመልሳለች

ስለ ፅንስ ጤና፣ በእርግዝና ወቅት ስለሚይዙ ኢንፌክሽኖችና ስለሚያጋጥሙ ችግሮች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደረሰኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ጥያቄዎቻችሁ ውስጥ ያለውን ፍርሃት በየቀኑ ፊት ለፊት አየዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ደም እየፈሰሰሽ፣ የሽርት ውሃ እየወረደሽ ወይም ልጁ መንቀሳቀስ አቁሞ ከሆነ ማንበቡን ተዪውና አሁኑኑ ወደ ሐኪም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የ10 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የቶክሶፕላዝማ ውጤቴ «አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጌቲቭ» ይላል። ፖዘቲቭ የሚለውን ሳይ አለቀስኩ። ቤት ውስጥ ድመት አለን፤ ለሰው ልስጣት?

እህቴ፣ እንባሽን ጥረጊ። ይሄ ጥሩ ውጤት ነው። ቶክሶፕላዝማ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። አይጂጂ ማለት ሰውነትሽ ተውሳኩን ድሮ ያውቀዋል፣ መከላከያም ሠርቶለታል ማለት ነው። አይጂኤም ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ ኢንፌክሽን ሲኖር የሚታይ ነው፤ አንቺ ጋ የለም። በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ውጤት የሚያሳየው ሳታረግዢ በፊት እንደያዘሽና እንዳለፈ ነው። የሰውነትሽን የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ ከሌለብሽ ለልጅሽ የሚያሰጋ አይደለም።

አይጂኤም ፖዘቲቭ የሆነባችሁም አትደንግጡ። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መከላከያው ተውሳኩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካ «አቪዲቲ» የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል። አቪዲቲው ከፍተኛ ከሆነ ኢንፌክሽኑ ቢያንስ የሦስት አራት ወር ዕድሜ አለው ማለት ነው። ጊዜው ለምን አስፈለገ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ተውሳኩ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ካለፈ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ነገሩ ይገለበጣል፦ በቀላሉ ያልፋል፣ ጉዳቱ ግን ይቀላል።

ድመቷን አትስጫት። በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ተውሳክ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ብዙ ሰው የሚያዘው በደንብ ካልበሰለ ሥጋና በአፈር ከተነካካ አትክልት መሆኑንም አትርሺ።

ጥያቄ፦ 34 ሳምንቴ ነው። ከትናንት ጀምሮ የልጄ እንቅስቃሴ ቀንሷል። «ቦታ ጠቦት ነው፣ ጣፋጭ ነገር ጠጪበት» ይሉኛል። ልጠብቅ?

አትጠብቂ። ዛሬውኑ ሂጂ።

«ቦታ ጠቦት ነው» የሚለው አባባል ብዙ እናቶችን ቤት አስቀርቷል። እውነት አይደለም። ወደ መጨረሻው እንቅስቃሴው መልኩን ሊቀይር ይችላል፤ ከእርግጫ ይልቅ መገላበጥና መግፋት ይበዛል። መቀነስ ግን የለበትም። እንግዴ ልጁ በቂ ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ፅንሱ ጉልበቱን ይቆጥባል። የሚቆጥበው ደግሞ መንቀሳቀሱን በመቀነስ ነው።

አንድ ሌሊት የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ይቅርታ፣ በከንቱ ላስቸግራችሁ ነው መሰለኝ» አለችኝ። የልብ ምት መከታተያውን ሆዷ ላይ አሰርኩላት። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው መስመር ከፍ ዝቅ ማለት ነበረበት። ቀጥ ብሎ ሄደ። ልጁ በዚያው ሌሊት በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ። «እስኪነጋ ልታገሥ» ብላ ቢሆን ኖሮ የሚለውን እስከ ዛሬ ማሰብ አልፈልግም።

መቀነሱን እርግጠኛ ያልሆነች እናት በጎኗ ትተኛ፣ እጇን ሆዷ ላይ ታድርግ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልቆጠረች ትሂድ። ቤት ውስጥ በሚገዛ መሣሪያ የልብ ምት መስማት አያረጋጋችሁ። ልብ እየመታም ልጁ ችግር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ «ደህና ነው» ብትባሉ ማንንም አላስቸገራችሁም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በእርግዝና ክትትል ቂጥኝ ተገኘባት። እኔ ምንም ምልክት የለኝም። ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ ያ ጥያቄ አሁን ይቆይ። ቂጥኝ ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊደበቅ ይችላል፤ የደም ምርመራውም ማን ከማን፣ መቼ እንደያዘው አይናገርም። ቀድሞ መድረስ ያለበት ልጁ ነው። ሳይታከም ከቀረ ፅንሱ ሊሞት፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ ወይም ታሞ ሊወለድ ይችላል።

ደስ የሚለው ግን መድኃኒቱ አለ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱንም ያክማል። በሽታው ገና አዲስ ከሆነ አንድ ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ይወጋል። ከቆየ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንዴ፣ በድምሩ 3 ጊዜ ነው። ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ ቀጠሮ አታሳልፉ። አንተም ተመርመር፣ ታከም። አንተ ሳትታከም ከቀረህ እንደገና ታስይዛታለህ፤ የእሷ መርፌ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፔኒሲሊን አለርጂ ካለባትም ሌላ መድኃኒት በራሳችሁ አትቀይሩ። ሐኪም ቤት ውስጥ ሰውነቷን ቀስ በቀስ አለማምደው ይሰጧታል።

ጥያቄ፦ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ አርግዣለሁም። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባል ነገር አስፈራኝ።

ስሙን ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ከእናት ወደ ፅንስ ከሚተላለፉት ሁሉ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ይገኛል። ክትባት የለውም። ዳይፐር ከቀየርሽ፣ ንፍጥ ከጠረግሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ልጅ የበላበትን ማንኪያ አፍሽ ውስጥ አታድርጊ። ስትስሚያቸውም ከንፈራቸውን ትተሽ ግንባራቸውን ሳሚ። ቫይረሱ ይዞት የተወለደ ልጅ ሲወለድ ደህና መስሎ በኋላ መስማት ሊቸግረው ስለሚችል የጆሮ ምርመራው መደጋገም አለበት።

ጥያቄ፦ ለማርገዝ እያሰብኩ ነው። የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) ክትባት ልውሰድ?

መከላከያው ከሌለሽ አዎ፤ ግን ከማርገዝሽ በፊት። ክትባቱ ሕያው ሆኖ ከተዳከመ ቫይረስ ስለሚሠራ ከወሰድሽ በኋላ 1 ወር ቆዪ። ሳታውቂ አርግዘሽ ወስደሽው ከሆነ ፅንስ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ሩቤላ ፅንስን እንደሚጎዳ የታወቀው በ1941 ነው፤ ኖርማን ግሬግ የሚባል አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ሲበዙበት እናቶቻቸውን ጠይቆ ደረሰበት። እናቶችን መጠየቁ ብቻ ስንት ልጅ እንዳተረፈ አስቡት።

ጥያቄ፦ 31 ሳምንት። ግፊቴ 150/95 ነው፣ ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይላል።

ይህ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት በሽታ ሊሆን ይችላል። አሁን ተነሺ፣ ብቻሽንም አትሂጂ። ከጎድን አጥንትሽ በታች በቀኝ በኩል የሚያምሽ ከሆነ እሱንም ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ደሜ አር ኤች ኔጌቲቭ ነው፣ የባለቤቴ ፖዘቲቭ። የመጀመሪያ ልጄ ነው።

ልጁ እንደ አባቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውነትሽ የልጁን ደም እንደ ባዕድ ሊዋጋው ይችላል። ይህን የሚከላከለውን አንቲ ዲ የሚባል መርፌ በ28 ሳምንት አካባቢ ጠይቂ። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለድሽ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጥሻል። መርፌው የሚጠብቀው በተለይ የሚቀጥለውን ልጅሽን ነው። በመሃል ደም ከፈሰሰሽ ወይም ሆድሽን ከተመታሽ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በ22 ሳምንት ልጄን አጣሁ፤ ኢንፌክሽን ነው አሉኝ። የበላሁት ይሆን? የሠራሁት ሥራ ይሆን? እንደገና ማርገዝ ፈራሁ።

እናትዬ፣ በጣም አዝናለሁ። እነዚህ ኢንፌክሽኖች ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማሽ፣ ወይም እንደ ተራ ጉንፋን ሆነው ያልፋሉ። ያላየሽውን ነገር ልትከላከይው አትችይም ነበር። ጥፋት አልሠራሽም።

የትኛው ኢንፌክሽን እንደነበር ማወቅ ግን ለሚቀጥለው ይጠቅማል፤ አንዳንዱ አንዴ ከያዘ አይመለስም፣ አንዳንዱ አስቀድሞ ሊታከም ይችላል። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ወረቀቶችሽን በሙሉ ይዘሽ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፦ የደም ውጤት፣ አልትራሳውንድ፣ እንግዴ ልጁ ተመርምሮ ከሆነ የእሱንም። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ከአሁኑ ጀምሪ። ወረቀቶቹን መክፈት ከከበደሽ ፖስታውን ሳትከፍቺ አምጪው። የሚያነብልሽ ሰው እዚያ አለ።