ስለ ሮማ ዲናር ጠይቁኝ

ዛሬ ማታ ስለ ሮማውያን የብር ሳንቲም እመልሳለሁ። በተለይ ሥዕሉን ጠይቁኝ። አንድ አደራ፦ እጃችሁ ላይ ያለውን አትፈትጉ፣ አትጠቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንጌል ላይ «ይህች መልክ የማን ናት?» የተባለላት ዲናር የትኛዋ ናት?

መልስ፦ ብዙዎች የሮማው ንጉሠ ነገሥት የጢባርዮስ ናት ይላሉ። ጀርባዋ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ወንጌሉ ግን «ቄሣር» ብቻ ነው የሚለው። ይቺው ናት ብሎ በእርግጠኝነት የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሳንቲም አለኝ። ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ምኑን አይቼ? ግራሙንና የሁለቱንም ጎን ፎቶ ላክ።

ጥያቄ፦ ሮማዊው ብሩተስ ዩልዮስ ቄሣርን ገድሎ ሳንቲም አስመታ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 በሕይወት እያለ መልኩ በዲናር ላይ ወጣ። ሮም ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ቦታው የአማልክትና የሞቱ አባቶች ነበር። በዚያው ዓመት ማርች 15 ተገደለ። ብሩተስ ከሮም ወጥቶ ጦር ሲያደራጅ የራሱን ዲናር አስመታ። ጀርባዋን በአጉሊ መነጽር እዩት። ሁለት ጩቤ፣ መሀላቸው ቆብ፣ ከሥር «ኤይድ ማር»፤ የማርች እኩሌታ ማለት ነው። ቆቡ ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ነው። የጩቤዎቹ እጀታ ደግሞ አይመሳሰልም። አንዱ የብሩተስ፣ ሌላው በግድያው የተባበረው የካሲዮስ ነው የሚሉ አሉ። አሁን ገልብጧት። ፊቷ ላይ ያለው የብሩተስ የራሱ መልክ ነው! አንድ ሰው አይንገሥብን ብሎ የገደለ፣ የሟቹን ልማድ ወረሰ። ስንት ጊዜ ባያትም ይገርመኛል።

አንድ አባል፦ የአክሱም ብር ይበልጣል። ንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ አለበት።

ሌላ አባል፦ አክሱም በሳንቲም ክብደት የሮማን ሚዛን ነው የተከተለው።

የመጀመሪያው፦ የወርቁን ሚዛን ነዋ! ብር ላይ ወርቅ መለበጡ የራሳችን ጥበብ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለአክሱም ሌላ ማታ እንያዝ።

ጥያቄ፦ ዲናር ላይ የሚታዩት ሁለቱ ፈረሰኞች እነማን ናቸው?

መልስ፦ የሮማውያን መንትያ አማልክት፣ ካስቶርና ፖሉክስ። ዲናር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ግድም ሲጀመር ጀምሮ አሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ጠቁሯል። በሎሚ ልጠበው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ከላይ ምን አልኩ? አትጠቡ። አትፈትጉ። የጩቤውን እጀታ የመሰለ ስስ ቅርጽ በአንድ ፍትጊያ ይጠፋል። ከጠፋ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔስ ሳንቲም ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ግራሙን እስካሁን አልላክህም።