ሐዘን ያለበትን ዘፈን በጭፈራ ምት አትሸፍኑት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። እዚሁ ሐዋሳ የባህል ባንድ አላችሁ፤ አርብና ቅዳሜ ሆቴል ትሰራላችሁ፣ ጥር ሲገባ ሠርግ ትይዛላችሁ። ለብቻችሁ ደግሞ ሐዘን ያለባቸው አራት ዘፈኖች ሰርታችሁ አስቀምጣችኋል፤ አንዱ ስለ ሟች አባትሽ ነው። የሆቴሉ ባለቤት "ሞቅ ያለውን ብቻ ተጫወቱ" ስላላችሁ፣ "ምቱን ፈጠን አድርገን ብናስገባቸውስ?" ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ "አሪፍ ነው፣ ሞክሩት" ብለዋል። እኛ ሞክረነዋል። እባክሽ አትሞክሩት።

እኔ ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ። ባንዳችን ሰባት ሰው ነው፤ ማሲንቆ፣ ሊድ ክራር፣ ቤዝ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ሁለት ድምፃውያን። የእናንተም ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ምቱን ብትቀይሩት ግጥሙ እዛው ነው።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ ተብሎ ሥራ ሲቆም ሁላችንም ቤት ቁጭ አልን። በዚያው ወር ነው ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል ቦታ፣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው የተገኙት። የዚህ አካባቢ ሰው ያን ዜና እንዴት እንደሰማው አንቺም ታስታውሻለሽ። የሞያሌ መንገድ በከተማችን ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያልላከ ሰፈር ፈልጊ ብትይኝ አላገኝም። የእኔም የአክስቴ ልጅ ቀደም ብሎ በዚያው መንገድ ወጥቶ ነበር። ከእነዚያ ልጆች ጋር አልነበረም። ግን ስልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠራ ቆየና በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። አክስቴ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ በምን ትቀመጥ?

ግጥሙን የጻፍኩት ያኔ ነው። ዋናው ስንኝ ይሄ ነው፦

ስልኩን ብደውልም ሌሊቱን በሙሉ፣
ይጠራል ይጠራል አይነሳም ይላሉ።

ወርቁ "አይነሳም" ላይ ነው፤ አንቺ ግጥም ስለምትጽፊ አላብራራልሽም። መጀመሪያ ትዝታ ማይነር በሚባለው ሐዘንተኛ ቅኝት፣ በማሲንቆ ብቻ ነበር የሰራነው። ሴቷ ድምፃዊያችን ልምምድ ላይ ስትለው ከበሮ መቺያችን ከክፍሉ ወጥቶ ደጅ ቆሞ ሳለ ነው የጨረሰችው። ከሰራኋቸው ሁሉ የምኮራበት ሥራ ነው፣ ይሄን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ሆቴሎች ሲከፈቱ ለባለቤቱ አሰማነው። "እንግዳ አታስተኙብኝ" አለ። እኛም እንዳንቺው አሰብን። ቅኝቱን ወደ ሜጀር አወጣነው፣ ከሥሩ ቺክቺካ፣ ፈጣኑን የጭፈራ ምት፣ አስገባንበት፣ "ይጠራል ይጠራል" የሚለውን ተቀባይ እንዲመልሰው አደረግነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤቱ ተወዳጅ ዘፈን ሆነ። ሰው ስሙን ሳያውቅ "የስልኳን አምጡ" ይለን ነበር። ሽልማቱም የሚዘንበው በዚህ ዘፈን ላይ ነበር። ሴቷ ድምፃዊያችን አንድ ቀን "ይሄን ዘፈን ስዘፍን የምሳደብ ይመስለኛል" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ገንዘብ እየገባ ነበራ።

ጥር 2014 ሠርግ ያዝን። ዋጋው 45,000 ብር፣ ቀብድ 15,000 ተቀበልን። ምሳ ተበልቶ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሚዜዎቹ የስልኳን ጠየቁ። ጀመርን። መሃሉ ሞላ። በሁለተኛው ዙር ድምፃዊቷ "ይጠራል ይጠራል" ስትል ሚዜዎቹ እጃቸውን እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ እየዘለሉ፣ በአንድ ድምፅ "አይነሳም!" ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ።

እኔ ከመድረኩ በስተግራ ነው የምቀመጠው፣ የሴቶቹ ወንበር ፊት ለፊቴ ነበር። ከፊት ረድፍ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። አልጮሁም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱት፣ ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ ጥለቱን በጣታቸው ፈልገው አገኙትና አዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት። ሠርግ ቤት ውስጥ። ከዚያ ነው ደረታቸውን የመቱት።

የሙሽራው አክስት ነበሩ። ልጃቸው በሞያሌ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። አራት ዓመት ሙሉ ዘመድ አዝማድ "አይዞሽ፣ ይደውላል" እያለ ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ ያኖራቸው እናት፣ እኛ መሃል ሆነው ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም፤ እያየኋቸው አላቆምኩም። ከበሮው እየሄደ ነበር፣ ደጋኑን የያዘው እጄ ከበሮውን ተከትሎ ሁለት ዙር ጨመረ።

ሽማግሌዎቹ "ለሠርግ ሙሾ ይዛችሁ መጣችሁ" ብለው አስወጡን። ቀሪው 30,000 እስካሁን አልተከፈለንም። ብሩን ተውኩት ማለት አልችልም፤ የሰባት ሰው ድካም ነው፣ ዘፈኑንም የጠየቁት ራሳቸው ሚዜዎቹ ናቸው። ግን ሄጄ ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

እህቴ፣ ያን ዘፈን እንደ መጀመሪያው ቀስ አድርገን ትተነው ቢሆን ኖሮ ሠርግ ላይ ማንም አይጠይቀንም፣ እኛም አንጫወተውም ነበር። ቀስ ያለ ዘፈን የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ራሱ ይናገራል፤ ሰሚውም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። እኛ ባለቤቱን ለማታለል ብለን የሠርግ ልብስ አለበስነው፣ እሱም ሠርግ ቤት ገባ። የተታለሉት እኚያ እናት ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከድምፃዊቷ ጋር ቤታቸው ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ቡና አፈሉልን። ማሲንቆውን ይዤ ነበር፣ እንደ መጀመሪያው አሰማናቸው። ስንጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና "የኔ ልጅ ስልክ እኮ አልጠራም፣ ከመጀመሪያው ዝግ ነበር። ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር" አሉ። ያን ጊዜ ነው የአክስቴ ሁለት ቀን ምን ማለት እንደነበር የገባኝ።

2. ቀስ ያለውን ለመጫወት ከወሰናችሁ ግን በደንብ ተጫወቱት። ፈጣን ዘፈን ላይ የተበላሸ ነገር ከበሮው ይሸፍነዋል፣ እዚህ የሚሸፍን የለም። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ግማሽ ዝቅ ነው የሚሉት፤ ክራሮቹ ወዲያው ይጨርሳሉ። ዋሽንቱ ግን በመቃኘት አይለወጥም፣ ልጁ ለዚያ ቅኝት የተሰራ ሌላ ዋሽንት ይዞ መምጣት አለበት። እኛ አንድ ማታ ይሄን ረስተን ዋሽንቱና ክራሩ መድረክ ላይ ተጣሉ። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ሐይቁ ዳር ለምትሰሩ ደግሞ፣ ከመሸ በኋላ እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል። ቀስ ካለው ዘፈን በፊት እንደገና ቃኙ፣ ሰው ቢጠብቅ ይጠብቅ።

ሌላው፣ ሰባት ሰው ስላላችሁ ሰባታችሁም መጫወት የለባችሁም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሰረት ነው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በአንድ ላይ ተሰብስበው መድረክ መውጣት የተለመደው፤ ከዚያ በፊት ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም በአብዛኛው ለየብቻቸው የሚኖሩ ነበሩ። አስናቀች ወርቁን ወይም ካሳ ተሰማን አዳምጪ፤ አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ፣ በቃ። እኛ አሁን በዚያ ሰዓት አራቱ ከመድረክ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ላይ "እኛ ስንወርድ ሽልማቱ ለማን ነው?" ተብሎ ልንጣላ ደርሰን ነበር። ከወዲሁ እኩል ይካፈላል ብላችሁ ተነጋገሩ። በነገራችን ላይ ቀስ ባለ ዘፈን ሽልማት አይመጣም የሚሉሽን አትስሚ። ግንባር ላይ የሚለጥፍ የለም፣ እሱ እውነት ነው። ግን አንድ ሰውዬ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ መብራቱ ሲቀየር ጠብቆ መጥቶ፣ የታጠፈ ብር እግሬ ሥር አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ ሺህ ብር ነበር።

ሐዘን ማለት ትዝታ ብቻ እንዳይመስላችሁም። አምባሰል የሚባለውን ቅኝት ሞክሩት፣ በተለይ ለአባትሽ ዘፈን። ትዝታ ሰውን ወደየራሱ ትዝታ ይወስደዋል፣ አምባሰል ግን የተነገረለትን ሰው ፊትሽ ያቆመዋል። ይሄ የእኔ ስሜት ነው፣ ሌላው ሌላ ሊል ይችላል።

3. ቀኑን ቀይሩ። ይሄን ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ብዙው የከተማው ሰው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ዘፈን ቤት አይመጣም። አርብና ቅዳሜ የምንጫወተው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ ለመዝናናት ለመጣ እንግዳ ነው፣ እሱ ላይ መፍረድ አይቻልም፣ ለጭፈራ ነው የከፈለው። ረቡዕ ማታ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ለስብሰባ የመጣ፣ አበል የያዘ፣ ሦስተኛ ቀኑን ሆቴል ያደረ ሰው ነው። ደክሞታል፣ ቤቱ ናፍቆታል፣ ልጆቹን በስልክ አናግሮ ነው የወረደው። አንድ ረቡዕ ከበሮ መቺያችን ታሞ ቀረና ያለ ከበሮ መስራት ግድ ሆነብን። ያን ማታ ከአሥር ጠረጴዛ አንድም ሰው ሳይነሳ እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። ባለቤቱ ሂሳቡን አይቶ "ረቡዕ እንዲህ ይሁን" ያለው እሱ ራሱ ነው። አሁን ሁለት ዓመት ሆነን። የስልኳንም እዚያ ብቻ ነው የምንጫወታት፣ ከመጀመሯ በፊት ድምፃዊቷ "ይቺ በመንገድ ለቀሩት ናት" ትላለች። አንዳንዱ ተነስቶ ይወጣል። ይውጣ፤ ሳናስጠነቅቀው አልያዝነውም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ቀስ ካለው በቀጥታ ወደ ጭፈራ አትዝለሉ። ዋሽንቱን ብቻውን ሁለት ደቂቃ ተዉት፣ ሰው ፊቱን ይጥረግ፣ ውሃውን ይጠጣ።

4. አዳራሽ ተከራይታችሁ ራሳችሁ ዝግጅት ልታደርጉ ካሰባችሁ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጀምሩ። እኛ የእነዚህን ዘፈኖች አንድ ምሽት ልናዘጋጅ ብለን ለአንድ ቢሮ ደብዳቤ አስገባን። ግጥሙን በሦስት ኮፒ አምጡ አሉ፣ አመጣን። ማህተም የለውም አሉ፣ አስመታን። ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ኑ፣ ከነገ ወዲያ ኑ። አምስተኛ ቀን አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን ቆሞ አነበበውና "ይሄ ለቅሶ ነው፣ ሕዝቡን ለምን ታስለቅሳላችሁ?" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮልን ምሳ ወጣ። ያን ሰውዬ ቁጭ አድርጌ የእኚያን እናት ቤት ባሳየው እወድ ነበር። ሕዝቡ እኮ አልቅሶ የመጣ ነው፣ እኛ አላስለቀስነውም። በመጨረሻ ፈቃዱ ወጣ፣ ግን የአዳራሹ ቀን አልፎ ቀብዳችን ተበላ። አዳራሽ ሳትይዙ ፈቃዱን ጨርሱ፣ ያስገባችሁትን ደብዳቤም ቁጥር አስይዙና ኮፒውን ያዙ።

ለባለቤቱ የምትነግሪውን ስላልጠየቅሽኝ አልፈዋለሁ፣ ረቡዕን ብቻ ጠይቂው፤ ለእሱም ያው ባዶ ቀን ነው፣ አይከለክልሽም። የአባትሽን ዘፈን ግን እባክሽ አርብ ማታ እንዳታስገቢው፣ ቺክቺካም አትጫኚበት። ክራር ብቻ ይዘሽ ዝፈኚው። ቀኑን ከጻፍሽልኝ እኔም መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ማሲንቆ ከፈለግሽም ይዤው እመጣለሁ፣ ካልፈለግሽ ደግሞ ማሲንቆውን ሳላወጣ እሰማሻለሁ።